«ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡናል?» ሲሉን ምን እንመልስ?



ሰሞኑን እሑድ እሑድ ስልካችሁን ይዛችሁ የምትመጡበት አንድ ጥያቄ አለ። ስለ ሥራ ውል አይደለም፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድም አይደለም። ገንዘብ ወደ አገር ቤት በስልክ ልካችሁ ገና ስልኩን ሳታስቀምጡ ከባንኩ ወይም ከአስተላላፊው ድርጅት የሚመጣ መልእክት ነው። «አገልግሎታችንን ለወዳጅ ዘመድዎ ምን ያህል ይመክራሉ? ከ0 እስከ 10 ይስጡን» ይላል። አንዳንዶቻችሁ የሌባ ነው ብላችሁ ታጠፉታላችሁ። አንዳንዶቻችሁ «ዝቅ አድርጌ ብሰጥ ሂሳቤን ይዘጉብኛል» በሚል ፍርሃት 10 ትጫናላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ይሉኝታ ይዟችሁ 7 ሰጥታችሁ ትገላገላላችሁ።

ይህ ቁጥር የት እንደሚሄድ፣ ባንኮቹ የእኛን ነገር በምን እንደሚለኩና የማይለኩት ምን እንደሆነ ዛሬ እንነጋገርበት። የሁለት ዓመት ላብ የሚያልፈው በዚህች ትንሽ ስልክ ውስጥ ነውና ነገሩ የባንክ ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መለኪያው የመጣው ከአሜሪካ ነው። ፍሬድ ራይክሄልድ የተባሉ የንግድ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው በተባለው መጽሔት ላይ አስተዋወቁት። ደንበኛን በብዙ ጥያቄ ከማድከም «ለሌላ ሰው ትመክረዋለህ ወይ?» ብሎ አንዱን ብቻ መጠየቅ ይሻላል የሚል ሐሳብ ነው። አቆጣጠሩ ግን እኛ እንደምናስበው አይደለም። 9 ወይም 10 የሰጠ ሰው በአመስጋኝነት ይመዘገባል። ከ0 እስከ 6 የሰጠ ሁሉ ቅሬታ ያለው ተብሎ ይያዛል። 7 እና 8 የሰጠ ሰው ከአመስጋኞቹም ከቅሬተኞቹም ወገን አይገባም። ባንኩ ከአመስጋኞቹ መቶኛ ላይ የቅሬተኞቹን መቶኛ ይቀንስና የሚቀረውን ቁጥር ውጤቴ ነው ብሎ ይይዛል። ለምሳሌ ከ10 እህቶች 5ቱ 9 ወይም 10 ቢሰጡ፣ 3ቱ 7 ወይም 8፣ 2ቱ ደግሞ 4 ቢሰጡ፣ ከ50 ላይ 20 ተቀንሶ ውጤቱ 30 ይሆናል። የሦስቱ እህቶች ድምፅ ለውጤቱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

እኛ አገር ከ10 ጥያቄ 7 ያገኘ ልጅ ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ይገባል። እዚህ ላይ ግን የይሉኝታዋ 7 ምንም አትናገርም። የፍርሃቷ 10 ደግሞ ከዚያ ትብሳለች፤ ያስለቀሰን ነገር እንዳለ ሆኖ ባንኩ ደንበኛዬ ደስ ብሏታል ብሎ ይጽፋል።

ዝቅተኛ ቁጥር ሰጥታችሁ ስላሰባችሁት ነገር፣ ለዚህ ተብሎ ሂሳብ አይዘጋም፣ ገንዘብም አይያዝም። የምትፈሩት ከሆነ የሚፈራው ሌላ ነው። እውነተኛው የአስተያየት መልእክት ቁጥር ወይም አጭር ሐሳብ ብቻ ይጠይቃል። የሚስጥር ቁጥር፣ በመልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ወይም የካርዳችሁን ፎቶ አይጠይቅም። «አስተያየት ስለሰጡ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የተላከልዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚል መልእክት ወይም ስልክ ከመጣ ግን ያ ሌባ ነው፤ ወዲያው ዝጉት። የደወለው ሰው አማርኛ አቀላጥፎ መናገሩ፣ የአገራችሁን ልጅ መምሰሉ አያዘናጋችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ባንክና አስተላላፊ ድርጅት ሳይጠይቁንም ይለኩናል። ስንት ሰው መላክ ጀምሮ ስንቱ እንደጨረሰ፣ የትኛው ገጽ ላይ ትቶ እንደወጣ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት፣ ስንት ጊዜ የሚስጥር ቁጥር እንደተሳሳተ፣ ስንት ሰው ለእርዳታ እንደደወለ ሁሉ በመዝገባቸው አለ። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሥራቸውን እንዲያሻሽሉ ይረዳቸዋል። ችግሩ «ተፈጸመ» የሚለው ቃል ለእነሱና ለእኛ አንድ አለመሆኑ ነው። ለእነሱ ገንዘቡ ከእነሱ ዘንድ ሲወጣ ተፈጽሟል። ለእኛ የሚፈጸመው እናታችን እጅ ሲገባ ነው።

አንዲት እህታችን በዚህ ምክንያት የደረሰባትን አብረናት አይተናል። የድርጅቱንም የባንኩንም ስም አንጠራም። ለእናቷ ሕክምና ገንዘብ ላከች፤ ስልኳ ላይ «በተሳካ ሁኔታ ተልኳል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ያ ከ0 እስከ 10 የሚለው መልእክት መጣና ደስ ብሏት 10 ሰጠች። አገር ቤት ግን የደረሰ ነገር የለም። በማግስቱ የለም፣ በሦስተኛውም ቀን የለም። ወንድሟን «በልተኸዋል» አለችው፤ ወንድሟ ተቀይሞ ስልክ ማንሳት ተወ። እናቲቱ በመካከል ቆመው አለቀሱ። በኋላ አንድ ላይ ተቀምጠን ደጋግመን ስንደውል የተገኘው ምክንያት የስም ፊደል ነው። የተቀባዩ ስም በላኪው ድርጅት ዘንድ የተጻፈበት የእንግሊዝኛ ፊደል ባንኩ ካለው ስም ጋር አልገጠመምና ገንዘቡ ለማጣራት ተይዞ ነበር። ለላኪዋም ለተቀባዩም የነገራቸው ሰው አልነበረም። ገንዘቡ በዘጠነኛው ቀን ገባ። የድርጅቱ መዝገብ ላይ ግን ያቺ ዕለት እስከ ዛሬ ድረስ በደቂቃ የተፈጸመች፣ ደንበኛዋም 10 የሰጠችባት ሆና ተቀምጣለች።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ይህ ነው፤ አስተያየት ሲጠየቅ ወዲያው አትመልሱ። ገንዘቡ እጅ ከገባ በኋላ መልሱ። ከቁጥሩ በታች ሐሳብ የሚጻፍበት ቦታ ካለ አትለፉት፤ በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ። «ጥሩ አይደለም» ብቻ ማለት ለማንም አይጠቅምም። «ሰኞ ላክሁ፣ በዘጠነኛው ቀን ደረሰ፣ ምክንያቱን ማንም አልነገረኝም» የሚል አንድ መስመር ግን የሚሠራበት ሰው እጅ ቢገባ ብዙ ነገር ያሳያል።

ስለ ስም ካነሣን አይቀር፣ ብዙዎቻችን ስንወጣ ደላላ ያወጣልን ፓስፖርት ላይ ስማችን ወይም ዕድሜያችን ተለውጧል። አገር ቤት ያለው የባንክ ደብተር በአንድ ስም፣ ፓስፖርቱ በሌላ ስም ይሆናል። ይህን ባንኩ በስልክ አያስተካክለውም። ለእረፍት ስትሄዱ የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልፍ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ አስተካክሉ፤ ወጪው ሳያስፈራራ ጊዜው ያልቃልና።

ሁለተኛው ራስ ምታት የስልክ ቁጥር ነው። አገር ቤት የተከፈተ የሞባይል ባንክ ሂሳብ ብዙ ጊዜ ማረጋገጫ የሚልከው አገር ቤት ወደተመዘገበው ሲም ካርድ ነው። ሲም ካርዱ ደግሞ እህታችሁ ወይም አጎታችሁ ዘንድ ነው፣ ወይም ከናካቴው ጠፍቷል። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ሊዘጋና ለሌላ ሰው ሊሰጥ እንደሚችል አትዘንጉ። ሲም ካርዱን ዘመድ ጋ ትታችሁ የሚስጥር ቁጥሩንም የነገራችሁት ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ በስም የእናንተ፣ በሥራ የእሱ ነው። ዘመድ ሁሉ ይበላል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን አራት ዓመት ላክሁ ብላ ተመልሳ ባዶ ደብተር የጠበቃት እህት ማን እንደሆነች እያንዳንዳችሁ ታውቃላችሁ። ባንካችሁ የምትኖሩበትን አገር ቁጥር ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። የማይቀበል ከሆነ፣ የሚያንቀሳቅስ ሰው የግድ ካስፈለገም፣ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል የሚደረግ የውክልና ወረቀት አለ። ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል እዚያ ላይ ይጻፋል። ውክልና የሰጣችሁትን ማንሳትም ትችላላችሁ፤ የተነገረ የሚስጥር ቁጥር ግን ተመልሶ አይዋጥም።

በሳዑዲ ዓረቢያ ያላችሁ እህቶች ጉዳይ ትንሽ ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ሙሳነድ በተባለው ሥርዓት በኩል በባንክ ወይም በስልክ ቦርሳ እንዲከፈል የሚያዘው ደንብ በየደረጃው ሲተገበር ቆይቶ ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ ሁሉንም አሠሪ ይመለከታል። ደመወዝ መከፈሉ ማስረጃ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ «ከፍያታለሁ» እና «አልተከፈለኝም» በሚል ክርክር ስንት እህት ባዶ እጇን ተመልሳለች። ይሁን እንጂ ካርዱና የሚስጥር ቁጥሩ ማዳም ጋ ከሆነ ገባ የተባለው ገንዘብ እናንተ ጋ አልገባም። መዝገቡ እንዲያውም በእናንተ ላይ ይመሰክራል። በሊባኖስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የባንክ ቀውስ ከመጣ ወዲህ ባንኮቹ የአገሬውንም ሰው ዶላር ይዘው ስለቀሩ፣ እዚያ ያላችሁት የምትገለገሉት በገንዘብ አስተላላፊ ሱቆችና በእነሱ የስልክ አገልግሎት ነው። የምንለው ነገር ለሁለታችሁም ይሠራል።

አሁን ደግሞ እኛ ራሳችን እንለካ። ወጪው ስንት ነው ብላችሁ ብትጠየቁ የምትነግሩን ክፍያውን ነው፤ «5 ዶላር» ትላላችሁ። ምንዛሬው ውስጥ የተደበቀውን ማንም አይቆጥረውም። ኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሬ ለገበያ ከለቀቀች ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ70 ብር አልፏል። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ከቀን ቀን፣ ከባንክ ባንክም ይለያያል። ለምሳሌ ያህል ብቻ እንዲህ እንበል። በዚያ ቀን ባንክ አንዱን ዶላር በ150 ብር ይገዛል፤ አስተላላፊው ግን ለእናንተ በ147 ብር ያስብላችኋል። 200 ዶላር ስትልኩ 30,000 ብር መድረስ ሲገባው 29,400 ይደርሳል። የጎደለው 600 ብር 4 ዶላር ነው። ከ5 ዶላሩ ክፍያ ጋር 9 ዶላር ሆነ፤ ከመቶ 4 ዶላር ተኩል ማለት ነው። «ክፍያ የለም፣ በነጻ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩም ምንዛሬውን ተመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ ነጻው እዚያ ተከፍሏል።

የዓለም ባንክም የመላኪያን ዋጋ የሚለካው በዚህ መንገድ ነው፤ የ200 ዶላር መላኪያ ክፍያና የምንዛሬ ልዩነት ተደምሮ። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ግቦች ውስጥ አገሮች ይህን ወጪ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከመቶ 3 በታች ለማድረግ ተስማምተዋል። ለ200 ዶላር ከ6 ዶላር በታች ማለት ነው። የእናንተ ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ አስተላላፊ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። በእጅ በሚያቀብል ሰው መላክ ይሻላል የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ምንዛሬው ሲበልጥ እናያለን። ደረሰኝ እንደሌለው ግን ገንዘቡ በጠፋ ቀን ነው የሚታወሰው።

ለመለካት ደብተር ይበቃል። ከወሩ ደመወዝ ስትልኩ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከእጃችሁ የወጣውን ዶላር ክፍያውን ጨምሮ፣ አገር ቤት እጅ የገባውን ብርና የገባበትን ቀን ጻፉ። የገባውን ብር በወጣው ዶላር አካፍሉ፤ አንድ ዶላራችሁ በእውነት ስንት ብር እንደሆነች የምታሳያችሁ እሷ ናት። ሦስት ወር ከጻፋችሁ የማስታወቂያ ዘፈን አያታልላችሁም። ሁለት እህቶች በተለያየ አስተላላፊ በአንድ ቀን ልካችሁ ብታስተያዩ ደግሞ ይበልጥ ይታያል።

ባንኮች የሚያሻሽሉት እንዴት ነው? ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ዝም ብሎ ማየት ነው። ያኮብ ኒልሰን የተባሉ ዴንማርካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፉት፣ አምስት ተጠቃሚዎችን ስልክ አስይዞ «ይህን ሥሩ» ብሎ ሳይረዱ መመልከት አብዛኛውን እንቅፋት ያወጣል። ጣቷ የት ይቆማል፣ የት ትመለሳለች፣ የት «እግዚኦ» ትላለች፤ ይህን ያየ ሰው ብዙ ወረቀት አያስፈልገውም። ኬንያ ውስጥ ኤም-ፔሳ የተወለደው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሙከራ ሲጀመር የታሰበው ሰዎች የብድር ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ሰዎቹ ግን ገንዘብ ለዘመድ ለመላክ ሲጠቀሙበት ታየ። ድርጅቱም ይህን አይቶ በ2007 «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» ብሎ አወጣው። ደንበኛው ካሰቡለት መንገድ ሲወጣ አጥፍቷል ብለው ቢመልሱት ኖሮ ኤም-ፔሳ ዛሬ የምናውቀው አይሆንም ነበር። አገራችንም ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲጀምር ከእንግሊዝኛ ሌላ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ መቅረቡ ጥሩ ነው፤ ቋንቋ ከእንቅፋቶቹ ትልቁ ነበርና።

ነገር ግን ከእነዚያ አምስት ሰዎች መካከል እንደ እኛ የምትኖር አንዲት ብትኖር ኖሮ ሌላም ብዙ ነገር ይታይ ነበር። አፕሊኬሽኑ ለጥቂት ደቂቃ ካልነኩት ይዘጋል፤ ለደህንነት ነው፣ ትክክል ነው። እኛ ግን የተቀባዩን ስም ጀምረን ማዳም ትጠራናለች፤ ሳህን አጥበን ስንመለስ የሞላነው ሁሉ ጠፍቶ ከመጀመሪያው ጀምሪ ይለናል። ፊትሽን በካሜራ አሳዪ ይላል፤ እኛ ነፃ የምንሆነው ሌሊት መብራት በጠፋበት ክፍል ነው። ፓስፖርትሽን ፎቶ አንሺ ይላል፤ ፓስፖርቱ የአሠሪው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፏል። አዲስ ካልጫንሽ አልሠራም ይላል፤ ስልኩ በልጆች ፎቶ ሞልቷል፣ ኢንተርኔቱም የቤቱ ነው። የደብተር መክፈቻ ቀን ሲጠይቅ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ አይናገርም። በመዝገባቸው ላይ ይህ ሁሉ «ደንበኛዋ ትታ ወጣች» ተብሎ በአንድ መስመር ይቆጠራል። ፓስፖርት ስለሌላት ጨርሶ ያልተመዘገበችው ደግሞ በየትኛውም ቁጥር ውስጥ የለችም፤ 0 እንኳ አልሰጠችም።

ለዚህ ነው ጻፉ የምንላችሁ። ቅሬታ ስታቀርቡ የላካችሁበትን የማመሳከሪያ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ የገንዘቡን መጠን፣ የስልኩን ገጽ ፎቶ ያዙ። ደውላችሁ ከሆነ ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጠይቁና የቅሬታ ቁጥር ስጡኝ በሉ። «እሺ እናያለን» መልስ አይደለም፤ መቼ እንደሚመልሱ ቀን አስነግሩ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ባንኮች የደንበኛ ቅሬታ የሚቀበሉበትና የሚመልሱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ግዴታ አለባቸው። ባንኩ ካልመለሰ ለብሔራዊ ባንክ ማመልከት ይቻላል፤ አገር ቤት ያለ ዘመድ ማመልከቻውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ያንን ወንድሟን የተቀየመችው እህታችን ማመልከቻዋን የጻፈችው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ይዞላት የሄደውም ያው ወንድሟ ነው።

ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ከጉባኤው በኋላ በአዳራሹ ጥግ አንድ ጠረጴዛ እናዘጋጃለን። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ፊደል ለመጻፍ የምትቸገሩ ብትኖሩ የሚጽፍላችሁ ሰው አለ። የሚስጥር ቁጥራችሁን ግን ለእኛም አትንገሩን፤ ስትጫኑም ፊታችንን እናዞራለን።